የአሜሪካ ጦር የፆታ ጥቃትና የቤት ውስጥ ጥቃት ምርመራ፦ የትኛው በር ይሠራል፣ የትኛው ያንገላታል

የአሜሪካ ጦር ለፆታ ጥቃትና ለቤት ውስጥ ጥቃት ያቋቋመውን ልዩ የምርመራ አገልግሎት በደፈናው ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው ማለት አይቻልም፤ አንድ መሥሪያ ቤት አይደለምና። መርማሪ አለ፣ ሐኪም አለ፣ የተጎጂ ጠበቃ አለ፣ ዐቃቤ ሕግ አለ፣ የቤተሰብ አማካሪ አለ፤ እያንዳንዱም የሚታዘዘው ለተለያየ አለቃ ነው። ጊዜ ለሌለው አንባቢ ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር፦ ነፃው የተጎጂ ጠበቃ ከሁሉም ይበልጣል፤ የሕክምና ማስረጃ አሰባሰቡ ደህና ነው፤ የወንጀል መርማሪዎቹ ብቃት ከአንዱ ቤዝ (የጦር ሰፈር) ወደ ሌላው ይለያያል፤ ደካማው ክፍል የቤተሰብ ፕሮግራሙ ውሳኔ ሰጪ ኮሚቴ ነው።

ጉዳዩ ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ አይደለም። ጦሩ ከ2009 ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት ቋንቋ የሚያውቁ የውጭ ዜጎችን ሲመለምል አማርኛ ከሚፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ ነበር። በግሪን ካርድ የተቀጠሩ፣ ወታደር አግብተው ቤዝ ውስጥ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም አሉ። ባሏን ተከትላ ጀርመን ወይም ኮሪያ የሄደች ሚስት እንግሊዝኛዋ ካልጠነከረ፣ ግቢ የሚያስገባት መታወቂያም በእሱ በኩል የተሰጣት ከሆነ፣ የቱን በር ማንኳኳት እንዳለባት የሚነግራት አታገኝም። ከዚህ በታች “ተጎጂዋ” የምንለው ለአጻጻፍ እንዲቀለን ነው፤ ወንድ ወታደሮችም ይጠቃሉ፣ አገልግሎቱም ለእነሱ እኩል ክፍት ነው። ወራቱና ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የሚነገረው ሰው

ከሁሉም በላይ ውጤቱን የሚወስነው የመጀመሪያው ንግግር ለማን እንደተነገረ ነው። ሁለት ዓይነት ሪፖርት አለ። ሪስትሪክትድ የሚባለው ምስጢራዊ ነው፤ ተጎጂዋ ሕክምና፣ ምክርና ጠበቃ ታገኛለች፣ ስሟ ግን ለአዛዥም ለመርማሪም አይደርስም፣ የወንጀል ምርመራም አይከፈትም። አንሪስትሪክትድ የሚባለው ግልጽ ሪፖርት ነው፤ መርማሪዎች ፋይል ይከፍታሉ፣ አዛዡም ያውቃል። ምስጢራዊውን በፈለገችበት ቀን ወደ ግልጽ መቀየር ትችላለች። ግልጹ ግን ወደ ምስጢራዊ አይመለስም። ስለዚህ ላልወሰነ ሰው በምስጢራዊው መጀመር የሚያሳጣው ነገር ጥቂት ነው፤ ለመደፈርና ለከባድ ፆታዊ ጥቃት በጦሩ ሕግ የይርጋ ጊዜ የለምና።

ምርጫው የሚፈረመው ዲዲ 2910 በተባለ ቅጽ ላይ ነው፤ የሚያስፈርመውም ሳርክ ተብሎ የሚጠራው የፆታ ጥቃት ጉዳይ አስተባባሪ ወይም ከእሱ ጋር የሚሠራው የተጎጂ ተሟጋች ነው። ጥቃት አድራሹ ባል ወይም የፍቅር ጓደኛ ሲሆን ግን፣ ጥቃቱ ፆታዊ ቢሆን እንኳ፣ ጉዳዩ የሚሄደው ፋፕ ወደሚባለው የቤተሰብ ፕሮግራም ነው። ቅጹም ዲዲ 2967 ነው። ይህን ሳያውቁ ወደ ሳርክ የሚሄዱ ሚስቶች “የእኛ ጉዳይ አይደለም” ተብለው ተስፋ ቆርጠው ይመለሳሉ። የተዘጋ በር አይደለም፤ በሌላ በኩል ነው የሚከፈተው።

የሚሳሳቱት ብዙዎች ለባል የቅርብ አለቃ ወይም ለሚያውቁት ሳጅን “ብቻ ምከረኝ” ብለው የሚናገሩት ናቸው። የዕዝ ሰንሰለት ውስጥ ያለ ሰው የፆታ ጥቃት ሲሰማ ለመርማሪዎች ማሳወቅ ግዴታው ነው፤ ምስጢር ልጠብቅልሽ ቢል እንኳ ቃሉን መጠበቅ አይችልም። ተጎጂዋ ራሷ ለመርማሪ ከተናገረች ደግሞ ምስጢራዊው መንገድ ጨርሶ ይዘጋል። የጦሩ ቄስ የሚነገረውን ምስጢር ይጠብቃል፣ ሪፖርት መቀበል ግን አይችልም። ማንነትን ሳይገልጹ ለማማከር ቀንና ሌሊት የሚሠራው የመከላከያው ሴፍ ሄልፕላይን 877-995-5247 አለ።

ፋፕ ዘንድ ምስጢራዊነቱ ሁለት ቀዳዳዎች አሉት፦ በልጅ ላይ የደረሰ ጥቃትና ቅርብ የሆነ የሕይወት አደጋ ካለ ምስጢሩ ይነሣል። ሦስተኛው ቀዳዳ ከቤዝ ውጭ ነው። እንደ ካሊፎርኒያ ባሉ ስቴቶች ሲቪል ሐኪም በድብደባ የመጣ ጉዳት ሲያይ ለፖሊስ የመናገር ግዴታ አለበት። ምስጢራዊውን መንገድ የምትፈልግ ተጎጂ ሆስፒታል ከመሄዷ በፊት ተሟጋቿን በስልክ ብትጠይቅ ይሻላል፤ የምትደማ ወይም የታነቀች ካልሆነች በቀር ነው ይህ። እንዲያ ከሆነች 911 ትደውል።

በምስጢራዊ ሪፖርት ላይ የሚጨመር አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። ካች የተባለው ፕሮግራም ከ2019 ጀምሮ ይሠራል፤ ተጎጂዋ ስሟን ሳትሰጥ ስለ ጥቃት አድራሹ የምታውቀውን ታስገባለች። የዚያው ሰው መረጃ ከሌላ ተጎጂ ቢመጣ በአስተባባሪዋ በኩል ይነገራታል፤ ሪፖርቷን ግልጽ ማድረግ አለማድረግ ያኔም የራሷ ምርጫ ነው። ጥቃቱ የደረሰው በእሷ ላይ ብቻ እንዳልሆነ ስታውቅ ሐሳቧን ልትቀይር ትችላለችና፣ ይህ ክፍል ሊመሰገን ይገባዋል።

የሕክምና ማስረጃ

ሳይታጠቡ፣ ጥርስ ሳይፋቅ፣ ልብስ ሳይቀየር መሄድ ይመረጣል። ልብስ ከተቀየረም አውልቀው በወረቀት ከረጢት ይያዙት። ላስቲክ እርጥበት ይዞ ዘረ መሉን ያበላሸዋል። ብዙ ቦታ የናሙና መውሰጃው ገደብ 120 ሰዓት ነው፤ ያለፈባትም ሄዳ ትጠይቅ፣ ቁስልና ፎቶ ከዚያም በኋላ ይመዘገባል። መድኃኒት በመጠጥ ውስጥ ተጨምሮብኛል ብላ ከጠረጠረች የመጀመሪያው ሽንት ዋጋ አለው፤ ሆስፒታል እስክትደርስ መያዝ ካልቻለች በንጹሕ ዕቃ ትያዘው።

ምርመራው ሰዓታት ይወስዳል፤ ማንኛውንም ክፍል “ይህ ይቅርብኝ” ማለት መብቷ ነው። ምስጢራዊ ሪፖርት ያደረገች ተጎጂ ናሙና በስም ሳይሆን በቁጥር ታሽጎ ለ10 ዓመት ይቀመጣል። ያንን ቁጥር ጽፋ መያዝ አለባት። ከቤዝ ቤዝ ስትዛወር ወረቀቱ ከጠፋ ናሙናዋን ማግኘት አድካሚ ይሆናል።

ስለ መታነቅ ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። አንገት የታነቀች ሴት ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት አይታይባትም፤ በተለይ ጥቁር ቆዳ ላይ ሰንበሩ በዓይን ሊያመልጥ ይችላል። ድምፅ መሻከር፣ ሲውጡ መታመም፣ በዓይን ነጭ ላይ የደም ነጠብጣብ፣ ሽንት ማምለጥ፣ ራስን ስቶ መንቃት ለሐኪሙ አንድ በአንድ መነገር አለባቸው። ሐኪሙ የአንገት ደም ሥር የሚያሳይ ሲቲ ስካን ያስፈልግ እንደሆነ ያያል፤ የደም ሥር ጉዳት ከቀናት በኋላም ይገድላልና። በክሱም በኩል ማነቅ በቤት ውስጥ ጥቃት አንቀጹ ተለይቶ የተጠቀሰ ወንጀል ነው። “ገፈተረኝ” ተብሎ የተመዘገበ ማነቅ ግን ቀላል ድብደባ ሆኖ ይቀራል።

የተጎጂ ጠበቃ፦ ከሁሉም የሚሻለው

አየር ኃይሉ በ2013 ጥር በሙከራ ጀመረው፤ በዚያው ዓመት ለሁሉም ክፍሎች እንዲዳረስ ታዘዘ። ምድር ጦሩ ስፔሻል ቪክቲምስ ካውንስል ይለዋል፣ ባሕር ኃይል ቪክቲምስ ሊጋል ካውንስል። የቤት ውስጥ ጥቃት ተጎጂዎችም በኋላ በኮንግረስ ሕግ ተካትተዋል። ክፍያ የለውም፤ ጠበቃው ወታደር ቢሆንም የሚቆመው ለተጎጂዋ ብቻ ነው፣ የምትነግረውም በሕግ የተጠበቀ ምስጢር ነው። ወታደር ያልሆነች ሚስትም ይገባታል።

ምክራችን አጭር ነው፦ ለመርማሪ አንድ ቃል ከመናገሯ በፊት ጠበቃ ትጠይቅ። “ጠበቃዬ ሳይመጣ አልናገርም” ማለት ወንጀለኛ አያስመስላትም። ጠበቃው ቃል ስትሰጥ አብሯት ይቀመጣል፤ መርማሪው የሚያቀርባቸውን የፈቃድ ወረቀቶች ያነባል፤ ዐቃቤ ሕጉ ከመወሰኑ በፊት ሐሳቧን በጽሑፍ ያቀርባል፤ ፍርድ ቤት ቆሞም ስለ ግል ሕይወቷና ስለ ሥነ ልቦና ሕክምና መዝገቧ ይከራከራል። ይህን የመደመጥ መብት የጦሩ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2013 አጽንቶታል። ሆኖም ያው ፍርድ ቤት በ2022 ሐኪሙ የለየው የሕመም ዓይነትና ያዘዘው መድኃኒት ከቴራፒስት ጋር የሚደረግ ንግግር ያለው ጥበቃ እንደሌላቸው ወስኗል። ስለዚህ ቴራፒ የጀመረች ተጎጂ መዝገቧ ምን ያህል እንደሚጠበቅ በመጀመሪያው ቀጠሮ ጠበቃዋን ትጠይቅ።

ጉድለቱ የሰው እጥረትና መዘዋወር ነው። ጠበቃው በጦሩ ደንብ ይቀየራል፣ ጉዳዩ ደግሞ ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል። አዲሱ ጠበቃ ፋይሉን እስኪያነብ ተጎጂዋ ነገሩን ከሀ ጀምራ ትናገራለች። የፊተኛው ጠበቃ ከመሄዱ በፊት ሦስቱ አብረው የሚነጋገሩበት ቀጠሮ መጠየቅ ይህን ያቀለዋል።

መርማሪዎቹ

ምድር ጦሩ ሲአይዲ፣ ባሕር ኃይልና ማሪን ኤንሲአይኤስ፣ አየር ኃይል ኦኤስአይ የተባሉ የየራሳቸው የወንጀል ምርመራ መሥሪያ ቤቶች አሏቸው። ልዩ ሥልጠና ያላቸው መርማሪዎችና ዐቃቤ ሕጎች አብረው እንዲሠሩ ኮንግረስ ያዘዘው በ2013 የበጀት ዓመት የመከላከያ ሕግ ነው፤ የሚያጠቃልለውም የፆታ ጥቃትን፣ በልጅ ላይ የሚደርስ ጥቃትንና ከባድ የቤት ውስጥ ጥቃትን ነው። የምድር ጦሩ ሥልጠና በሚዙሪ ፎርት ሌናርድ ዉድ በሚገኘው የወታደራዊ ፖሊስ ትምህርት ቤት ይሰጣል። በመመሪያው መሠረት መሪ መርማሪው በ24 ሰዓት ውስጥ ለዐቃቤ ሕግና ለተጎጂ ረዳት ያሳውቃል፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ይመካከራሉ፣ ከዚያም ቢያንስ በየወሩ ይገናኛሉ።

ደንቡ መልካም ነው። ደንቡ በሰው ካልተደገፈ ምን እንደሚሆን ግን ፎርት ሁድ የተባለው የቴክሳስ ቤዝ አሳይቷል። እዚያ ታገለግል የነበረችው ወታደር ስፔሻሊስት ቫኔሳ ጊየን በ2020 ከተገደለች በኋላ የተቋቋመው ነፃ ኮሚቴ በታኅሣሥ ባወጣው ዘገባ እዚያ የነበረው የሲአይዲ ክፍል ልምድ በሌላቸው መርማሪዎች የተሞላ እንደነበር ጻፈ፤ 70 የማሻሻያ ሐሳቦችንም አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ሲአይዲን ሲቪል ዳይሬክተር ይመራዋል፣ ሲቪል መርማሪዎችም ተጨምረዋል። ሲቪሉ መርማሪ እንደ ወታደሩ ቶሎ ቶሎ ስለማይዛወር ልምዱ እዚያው ይቀራል፤ በእኛ ግምት ከለውጦቹ ሁሉ ሥር ያለው ይህኛው ነው።

ቃል ሲሰጥ የሚበላሹ ነገሮች የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው አስተርጓሚ ነው። ባልንጀራ፣ ጎረቤት፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ ከባል ጋር የሚያገለግል አማርኛ ተናጋሪ ወታደር ማስተርጎም የለበትም። “እንግሊዝኛ ትንሽ እችላለሁ” ብሎ መጀመርም አደጋ አለው። የገበያ እንግሊዝኛ ለግዢ ይበቃል፤ “አልፈቀድኩም”ን፣ “ፈርቼ ዝም አልኩ”ንና “ተስማማሁ”ን በመስቀለኛ ጥያቄ ፊት ለመለየት ግን አይበቃም። ቃሉ በቪዲዮ ይቀረጻል፣ ከወራት በኋላም ቃል በቃል ይነበባል። ባለሙያ አስተርጓሚ እስኪገኝ ቀጠሮው ይተላለፍ ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

ሁለተኛው ስልክ ነው። መርማሪው የስልኩን ይዘት ለመቅዳት የፈቃድ ወረቀት ያቀርባል። ወረቀቱ ወሰን ከሌለው ሙሉው ስልክ ይገለበጣል፤ ለክሱ የሚጠቅመው ለተከላካይ ጠበቃም ይደርሳል። ፈቃዱን በቀን፣ በሰው ስምና በመተግበሪያ መወሰን ይቻላል፤ ለምሳሌ ከእገሌ ጋር የተደረገ የዋትስአፕ መልእክት፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ተብሎ። ምንም ነገር ግን አይጥፋ። አሳፋሪ የመሰለ መልእክት መጥፋቱ ከመልእክቱ ይልቅ ክሱን ይጎዳል። በአማርኛ የተላከ የድምፅ መልእክት ካለ ለመርማሪው መጠቆም አለበት፤ ያልተተረጎመ ማስረጃ ፋይል ውስጥ ተኝቶ ይቀራል።

ሦስተኛው የተጎጂዋ የራሷ ጥፋት ነው። ወታደር ሆና ዕድሜዋ ሳይደርስ ጠጥታ ወይም የሰዓት እላፊ ጥሳ ከነበረ መርማሪው በመሃል አቁሞ አንቀጽ 31ን፣ ማለትም ያለመናገር መብቷን ሊያነብላት ይችላል። ያ ቅጽበት ብዙዎችን አስደንግጦ አፋቸውን ይዘጋል። ከፆታ ጥቃቱ ጋር የተያያዘ ቀላል ጥፋት እንዳይቀጣ የሚከላከል ደንብ ዛሬ አለ፤ ጠበቃው አስቀድሞ ካስረዳት ድንጋጤው ይቀላል።

ማን ይከስሳል

ከታኅሣሥ 27፣ 2023 በኋላ ለተፈጸሙ መደፈርን፣ ከባድ ፆታዊ ጥቃትንና በጦሩ ሕግ አንቀጽ 128ለ የተደነገገውን የቤት ውስጥ ጥቃት ጨምሮ ለተዘረዘሩ ወንጀሎች፣ ክስ ይመሥረት አይመሥረት የሚወስነው አዛዡ ሳይሆን የልዩ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ነው። የቢሮው ኃላፊ ለሚኒስትሩ እንጂ ለተከሳሹ አዛዥ አይታዘዝም። ይህ ለዓመታት ሲጠየቅ የነበረ ለውጥ ነው፣ ተገቢም ነው። ይሁንና ቢሮው አልከስም ካለ ጉዳዩ ወደ አዛዡ ይመለሳል፤ አዛዡ አስተዳደራዊ ቅጣት ይስጥ ወይም ይተወው እዚያ ይወሰናል። ተጎጂዋ ሐሳቧን በጽሑፍ ማቅረብ ያለባት ለሁለቱም ነው።

ቅጣቱ ምን ስም ተሰጠው የሚለው የሕይወት ጉዳይ ነው። በፌዴራል ሕግ በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበት ሰው መሣሪያ መያዝ አይችልም፤ በጦሩ ሕግ አንቀጽ 15 የሚሰጥ የአዛዥ ቅጣት ግን የፍርድ ቤት ውሳኔ ስላልሆነ ይህን እገዳ አያስከትልም። ፍርድ ቢኖርም መዝገቡ ኤፍቢአይ ካልደረሰ ዋጋ የለውም። አየር ኃይሉ ሚስቱንና የእንጀራ ልጁን በመደብደብ የተፈረደበትን አንድ አባሉን ሳያስመዘግብ ቀርቶ፣ ያ ሰው መሣሪያ ገዝቶ በ2017 በቴክሳስ ሰዘርላንድ ስፕሪንግስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ 26 ሰዎች ገደለ፤ ፍርድ ቤትም በ2021 መንግሥትን 60 በመቶ ተጠያቂ አደረገው። ስለዚህ የተጎጂ ጠበቃ የጣት አሻራውና ፍርዱ ለኤፍቢአይ መላኩን በጽሑፍ እንዲጠይቅ ማድረግ ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ አይደለም።

የጥበቃ ትእዛዝ

አዛዡ በዲዲ 2873 የሚያወጣው ወታደራዊ የጥበቃ ትእዛዝ ያለ ችሎት በዚያው ቀን ሊወጣ ይችላል፤ ፈጣንነቱ ትልቁ ጥቅሙ ነው። ግን የሚያስረው ወታደሩን ብቻ ነው፤ ሲቪል ፖሊስም ስለጣሰው ብቻ ሊያስረው አይችልም። የስቴት ፍርድ ቤት የሚሰጠው ትእዛዝ በአንጻሩ ከቤዝ ውጭም ውስጥም ይሠራል፤ በ2002 የወጣ ሕግ ቤዝ ውስጥ እንዲከበር ያስገድዳል። ሁለቱንም መያዝ ነው የሚሻለው፦ ወታደራዊውን ለዛሬ ሌሊት፣ የፍርድ ቤቱን ለቀጣዮቹ ወራት። የቃል ትእዛዝ ብቻ ተሰጥቶ ከሆነ በጽሑፍ ይጠየቅ፤ አዛዡ ሲቀየር የቃሉ ማስታወሻ አብሮ ይሄዳል።

የቤተሰብ ፕሮግራሙ ኮሚቴ

የፋፕ አማካሪዎችና ተሟጋቾች በአመዛኙ ትጉሆች ናቸው፤ ቅሬታችን በኮሚቴው ላይ ነው። የተፈጸመው ድርጊት የመከላከያውን መስፈርት ያሟላል አያሟላም ብሎ ድምፅ የሚሰጠው ይህ ኮሚቴ ፍርድ ቤት አይደለም፤ ተጎጂዋ ቀርባ አትናገርም፣ ሰብሳቢው የዕዝ መኮንን ነው። ውጤቱ “መስፈርቱን አያሟላም” ሲሆን ብዙ ሴቶች “ውሸታም ተባልኩ” ብለው የወንጀል አቤቱታቸውን ይተዋሉ። ይህ ስሕተት ነው፤ የኮሚቴው ድምፅ ለሕክምና እቅድና ለመዝገብ እንጂ ለክስ አይደለም፣ ዐቃቤ ሕጉንም አያስረውም። ጉባኤው ከመሰብሰቡ በፊት ፎቶ፣ የሐኪም ወረቀትና የፖሊስ ቁጥር ለፋፕ ባለሙያው ማስረከብ ያስፈልጋል፤ ኮሚቴው የሚያየው የቀረበለትን ብቻ ነው። የኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2021 ባወጣው ዘገባ ከ2015 እስከ 2019 ባሉት የበጀት ዓመታት ከ40,000 በላይ ድርጊቶች መስፈርቱን እንዳሟሉ ቆጥሯል፤ አዛዦች ምን እርምጃ እንደወሰዱ የሚያሳይ መረጃ ግን በሕግ በታዘዘው መሠረት አልተሰበሰበም ብሏል።

ወረቀትና ገንዘብ

“ብትናገሪ ወደ አገርሽ ትባረሪያለሽ” የሚለው ማስፈራሪያ በስደተኛ ቤት የታወቀ ነው። ባሏ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ከሆነ የተደበደበች ሚስት ለግሪን ካርድ የሚያበቃትን ማመልከቻ አይ-360 በተባለው ቅጽ ራሷ ታስገባለች፤ የእሱ ፊርማም እውቀትም አያስፈልግም። ከተፋቱ በኋላም ፍቺው ከጥቃቱ ጋር ከተያያዘ 2 ዓመት አላት። ብዙ ጠበቆች ጭምር የማያነሡት አንድ ነገር አለ፦ ጥቃት አድራሹ የአሜሪካ ጦር አባል ከሆነ ይህን ማመልከቻ ከአሜሪካ ውጭ ሆና፣ ከአዲስ አበባም ቢሆን፣ ማስገባት ትችላለች። የ2 ዓመት ግሪን ካርድ ያላት ደግሞ ካርዱን ወደ ቋሚ የሚያዞረውን አይ-751 ቅጽ ያለ ባሏ ለብቻዋ ታስገባለች። ለወንጀል ተጎጂዎች ለሚሰጠው “ዩ” ቪዛ መርማሪው የሚፈርመው የማረጋገጫ ቅጽ ከተፈረመበት ቀን አንሥቶ በ6 ወር ውስጥ ካልገባ ዋጋ ስለሚያጣ፣ ሌሎቹ ወረቀቶች ሳይሟሉ ማስፈረም አይገባም።

ወታደሩ በቤተሰቡ ላይ ባደረሰው ጥቃት ከጦሩ ከተባረረ ወይም ሙሉ ደመወዙን በፍርድ ካጣ፣ ሚስትና ልጆች እስከ 36 ወር የሚደርስ የሽግግር ክፍያ ይገባቸዋል፤ የጦሩን ገበያና ሕክምናም በዚያ ጊዜ ይጠቀማሉ። ማመልከቻው ዲዲ 2698 ነው። ዳግመኛ ካገባች ወይም ከእሱ ጋር ወደ አንድ ቤት ከተመለሰች ይቋረጣል። ማመልከቻውን በብዛት የሚጥለው ወታደሩ በሌላ ምክንያት፣ ለምሳሌ “በዲሲፕሊን ጉድለት” ተብሎ ሲሰናበት ነው፤ መባረሪያው ላይ የቤተሰብ ጥቃት ካልተጠቀሰ ክፍያውን የሚያጸድቀው ቢሮ የሚይዘው ነገር የለም። ስለዚህ የስንብት ሂደቱ መጀመሩ እንደተሰማ፣ ገና ወረቀቱ ሳይፈረም፣ ጠበቃዋ ጥቃቱ በምክንያትነት እንዲሰፍር ለአዛዡ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ የደብዳቤውንም ቅጂ እሷ ዘንድ ያስቀር።